በግንቦት ቀትር ጋቢ የደረብኩት በአንዲት ፍሬ መድኃኒት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምጽፍላችሁ አሚዮዳሮን ስለሚባለው የልብ መድኃኒት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ልቤ ሥርዓት አጣ። ክር እንደተጠላለፈበት የስፌት መኪና አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ቀጥ ይላል። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ሄድኩ። የልብ ምት የሚያሳየውን ኢሲጂ ተነሳሁ። የልቤ የላይኛው ክፍል በወጉ መምታቱን ትቶ እየተርገበገበ ነው ተባልኩ። ሐኪሞቹ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። አሚዮዳሮን ታዘዘልኝ። መጀመሪያ በዛ ብሎ፣ በኋላ በቀን አንድ ባለ 200 ሚሊ ግራም ፍሬ። ልቤ ተረጋጋ። ዳገት መውጣት ቻልኩ። መድኃኒቱ ባለውለታዬ ነው።

ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ ወረቀቴን ይዤ እመላለሳለሁ፤ ይሰጡኛል፤ እወስዳለሁ። በኋላ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቁታላችሁ። እኔ በግንቦት ቀትር ጋቢ ደርቤ እሰፋ ነበር። ፊቴ አበጠ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። አንድ ቀሚስ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «ማሻአላህ፣ ተመቸሽ!» ይሉኛል፤ ወፍሬ ስላዩኝ ነው። እኔም ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አንገቴን ዳሰስ አደረገና «እማማ፣ ታይሮይድዎ ታይቶ ያውቃል?» አለኝ። ታይቶ አያውቅም። ታይሮይድ አንገት ላይ ያለ ዕጢ ነው፤ ሲመረመር ደክሟል።

ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። አንዷ ፍሬ ወደ 75 ሚሊ ግራም አዮዲን ይዛለች። ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ነው፤ ማይክሮ ግራም ማለት የሚሊ ግራም አንድ ሺኛ ነው። ከፍሬዋ አዮዲን ሰውነት ውስጥ የሚለቀቀው ጥቂቱ ቢሆንም እሱም ከሚያስፈልገን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አዮዲን ያው እንቅርት እንዳይወጣ ጨው ላይ የሚጨመረው ነው። ሲያንስም ሲበዛም ያንኑ የአንገት ዕጢ ያውካል። አንዳንዱን እንደኔ ያደክመዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ከልክ በላይ ያሠራዋል፤ ያኔ ልብ ተመልሶ ይረበሻል።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? በዚያ ሁሉ ጊዜ ለደም ማቅጠኛዬ ለዋርፋሪን ደሜ ይቀዳ ነበር። አሚዮዳሮን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምር እሱን በደንብ ይከታተሉልኝ ነበር። ከዚያው ደም ላይ ታይሮይድ ቢታይ ምን ነበረበት? የት እንደሆነ አልናገርም። ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው።

ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ «በይ ጣዪው!» አሉኝ። አልጣልኩትም። ሐኪሙም አጥብቆ ከልክሎኛል። ደግሞ ዛሬ ቢቆም እንኳ ለሳምንታት፣ ለወራት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ለዕጢው ሌላ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ሁለቱንም እወስዳለሁ። ጋቢዬን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሻለሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ ይህን መድኃኒት የምታዙና የምታድሉ ልጆቻችን፣ አደራ። ታይሮይድና ጉበት መድኃኒቱ ሳይጀመር፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ መታየት አለባቸው። ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንባም ይታይ። መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ካርቶኑ ላይ እንደምትጽፉልን፣ የምርመራውንም ወር በአማርኛ ጻፉልን። አንድ መስመር ይበቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ