ዊልቸሩ ደርሷል፤ በሩ ላይ ያለው ደረጃስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዊልቸር ርክክብ ዜና በወጣ ቁጥር ፎቶው ላይ የሚታዩት ወንበሮች አንድ ልክ ናቸው፤ የሚረከቧቸው ሰዎች ግን ቁመትና ውፍረታቸው ለየቅል ነው። የለጋሾቹን ቅንነት እናከብራለን። ይሁንና ዊልቸር እንደ ጫማ ካልተለካ ይጎዳል። ሲሰፋ ተቀማጩ ወደ አንድ ጎን ይዘማል፣ ጎማውን ለመግፋትም እጁ አይደርስለትም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ አከርካሪው ሊጣመም ይችላል።

ከሁሉ የከፋው የመቀመጫው ስፖንጅ ነው። አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች ስሜት ያጣ ሰው ቢቆረቁረውም አያውቀውም። በሰዓታት ውስጥ የሚጀምር ቁስል አጥንት ድረስ ዘልቆ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ፍተሻው ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ሰውየው እንደተቀመጠ ጣትን ከመቀመጫ አጥንቱ ሥር አስገብቶ ወደ ላይና ወደ ታች ማነቃነቅ ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከተነቃነቀ ደህና ነው፤ ጣት ከተያዘ ስፖንጁ መቀየር አለበት። መንገዱም አለ። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠሩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች ኮብልስቶን መሐል ይቀረቀሩና ሰውየውን በፊቱ ይደፉታል።

ይህን ሁሉ አልፎ ትምህርት ቤት ወይም ወረዳ በር ላይ ሲደርስ ደረጃ ይጠብቀዋል። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው አራት ደረጃዎች 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። በተለመደው የአንድ ለአሥራ ሁለት ስሌት (ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት) ራምፑ፣ ማለትም በደረጃው ፋንታ የሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ፣ 7 ሜትር ከ20 መርዘም አለበት። ለይስሙላ የሚሠራው የ2 ሜትር ራምፕ ሲወጡት ወደ ኋላ ይገለብጣል፣ ሲወርዱትም ያንደረድራል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መፀዳጃም እንዲመቻች ደንግጓል። መግቢያው የማንም ችሮታ አይደለም። የሚያሳስበን ስጦታው ይህን ጥያቄ ሲያዳፍነው ነው። ሰዎች ተሸክመው ያስገቡት ሰው አመስግኖ ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ሕንፃውን ያለ ራምፕ ያስገነባው ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

ልማዱ ሥር አለው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ እንዳያገኙ ከልክሎ ነበር፤ ዕቃ ማደል ግን አልተከለከለም። በዚያ ዘመን ገንዘቡ ወደ ዕደላ ቢያዘነብል አይገርምም። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል፤ ዕደላው ግን በነበረበት ቀጥሏል።

መቶ ዊልቸር የሚገዛ ገንዘብ ያለው ለጋሽ ስድሳ ይግዛ። በቀረው ለልኬት ባለሙያ ይክፈል፣ ስፖንጅ፣ ጎማና ኩሽኔታ በመለዋወጫነት ያስቀምጥ፣ በአቅራቢያው ላለ ብየዳ ቤት የጥገና ሥልጠና ያሰጥ። ሕንፃ እየለኩ አቤቱታ ለሚያቀርቡ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም የጠበቃ ወጪ ይሸፍን።

ዘጋቢዎቻችሁም በሚቀጥለው ርክክብ ላይ ይህን እንዲጠይቁልን እንለምናለን፦ ተረካቢዎቹን ማን ለካቸው? ጎማው ሲፈነዳ የት ይወሰዳል? ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደበት አዳራሽ በር ላይስ ስንት ደረጃ አለ?

የአካል ተሃድሶ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ