ለፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ፦ የመልሶ ማቋቋሙ ሒሳብ የታለ?

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

በግል የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። ስለዚህ ይህኛውን ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ በግልጽ ጻፍኩት። በአማርኛ የጻፍኩት አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ኤርትራዊት፣ በኛ አነጋገር አሚቼ፣ ስለሆንኩ ነው። እንደኔ ያለው ብዙ ነው፤ ጉዳዬም የብዙዎች ነው።

ጉዳዬ ሁለት ፐርሰንቱ ነው። ውጭ አገር የምንኖር ኤርትራውያን ከገቢያችን 2 በመቶ እንድንከፍል የተወሰነው ከነጻነት በኋላ ነው። ስሙ የመልሶ ማቋቋም ግብር ነው። አገሪቱ ከ30 ዓመት ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ምጽዋ በቦምብ ፈራርሳ፣ የሰማዕታት ልጆች አሳዳጊ ፈልገው፣ ስደተኛው ከሱዳን ሊመለስ ቤት ይጠብቅ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው የከፈለው በደስታ ነው። እናቴ ወርቋን ሸጣ ሰጥታለች።

ያቺው እናቴ ከ1998 እስከ 2000 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በነበረው የኤርትራና የኢትዮጵያ ጦርነት ከኢትዮጵያ ከተባረሩት 75,000 ያህል ሰዎች አንዷ ሆነች። አዲስ አበባ ያፈራችውን ሁሉ ጥላ በአንድ ሻንጣ ወጣች። እኛ ልጆቿ ከውጭ እየላክንላት አስመራ ውስጥ ትንሽ ቤት ገዛች። ስታርፍ ቤቱን እዚያው አብራት በኖረችው እህቴ ስም ለማዞር የኔ ውክልና አስፈለገ። የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ፋይሌን ከፈተና የዓመታት ውዝፍ አሳየኝ፤ ሥራ አጥቼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ሳይቀር ተቆጥሯል። «ክሊራንስ ከሌለሽ ውክልና የለም» አለኝ፤ ክሊራንስ የሚሉት ግብሩን ለመክፈሌ የሚሰጠውን ማረጋገጫ ነው። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ሪፖርት ካለ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። «እሱ እኔን አይመለከተኝም» አለ። እንግዲህ ማንን እንደሚመለከት ለማወቅ ነው ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት።

እርስዎን ይመለከታል። ከ1993 ጀምሮ ፕሬዚዳንት እርስዎ ነዎት። መንግሥትዎ በጀቱን ለሕዝብ አያሳትምም። ስንት እንደተሰበሰበ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደተሠራበት፣ የትኛው የሰማዕት ቤተሰብ እንደተረዳበት የከፋይነታችንን ያህል ማወቅ ነበረብን። ግብሩ ለመልሶ ማቋቋም ከሆነ፣ ምን ተቋቋመ? ምንስ ቀረ? መቼስ ያልቃል?

የሠሩትን መካድ አልፈልግም። በወባ የሚሞተው ሰው በእጅጉ ቀንሷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመርም አለ። ሐዲዱ በጦርነቱ ጊዜ ተነቅሎ ምሽግ ተሠርቶበት ነበር። ከ1994 ጀምሮ ግን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ሳይቀሩ ተመልሰው ገቡ። ሐዲዱን ከየምሽጉ አወጡ፣ የዛጉትን ሞተሮች ጠገኑ፣ በ2003 ባቡሩ አስመራ ገባ። እነዚያን ሽማግሌዎች ባሰብኩ ቁጥር አለቅሳለሁ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው በእጅዎ የገባው። ይህንን ሕዝብ በክሊራንስ ማስፈራራት ለምን አስፈለገ?

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። የ1995ቱ አዋጅ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ነው ይላል። ሕጉን ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ። ከ2002 ወዲህ ግን ዋርሳይ ይከኣሎ በሚባለው የልማት ዘመቻ ስም ወጣቱ መጨረሻው ሳይነገረው መንገድ እየጠረገ፣ ግድብ እየገደበ ጎልማሳ ሆነ። የሰው ዕድሜ ተወስዶ ሒሳብ ካልቀረበበት፣ ስለኔ ሁለት ፐርሰንት ማን ሊጠይቅልኝ ነው?

ባድመን እንደሚያነሱ አውቃለሁ። በእርግጥም የድንበር ኮሚሽኑ በ2002 ባድመን ለኤርትራ ፈረደ፣ ኢትዮጵያ አልፈጽምም አለች። አገሪቱ ከሰላምም ከጦርነትም ሳትሆን ቆየች። ማዕቀብም ነበር። ነገር ግን በሐምሌ 2018 አስመራ ላይ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ተነሣ። እህቴ ያን ሰሞን ስልክ ደውላ «አሁንማ አለቀ» ብላ እልል አለች። ምን ተለወጠ? የ18 ወሩ ሕግ አልተከበረም። በ1997 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ አልዋለም። የ2 በመቶው ሒሳብም አልወጣም።

ተጠያቂነት ይኑር ብሎ በግልጽ የጻፈ ከኔ በፊትም ነበር። በግንቦት 2001 የትግል ጓዶችዎ የነበሩ 15 ከፍተኛ ባለሥልጣናት ጽፈዋል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ ከ15ቱ አሥራ አንዱ ታሰሩ። ጴጥሮስ ሰለሙን፣ ማሕሙድ ሸሪፎ፣ ኃይለ ወልደትንሣኤ ከነሱ መካከል ናቸው። እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ቤተሰቦቻቸው በሕይወት መኖራቸውን እንኳ በይፋ አልተነገራቸውም። እርስዎ ከጦርነት በኋላ አገር እንዴት መሩ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ከየትኛውም ግድብ በፊት ይህንን ነው የምነግረው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ግብሩ ከተጀመረ ወዲህ የተሰበሰበውና የወጣው በየዓመቱ ተዘርዝሮ ይታተም። ውክልና፣ ፓስፖርት፣ የውርስ ወረቀት ከክሊራንስ ይለይ፤ የሞተች እናት ቤት የግብር መያዣ አይደለም። እህቴም እኔ ስላልከፈልኩ ልትቀጣ አይገባም።

ሒሳቡ እስኪወጣ አልከፍልም። ሲወጣ ግን ውዝፉን ጨምሬ እከፍላለሁ።