ጉዳዩ፦ የሪፍ ጨው ተብሎ ስለተሸጠልኝ የወጥ ጨው

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ውሉም፣ የዕቃው ዝርዝርም፣ የከፈልኩበት የቴሌብር ማረጋገጫም እናንተ ዘንድ ስላለ እሱን በመድገም ጊዜዎን አላባክንም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገጠማችሁት የ60 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር የጨው ውኃ አኳሪየም፣ ማለት የባህር ዓሣና ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባህር እንስሳ) የሚያኖሩበት ገንዳ፣ ባለቤት ነኝ ካልኩ ጸሐፊዎ ያውቁኛል፤ ቁጥሬን ሲያዩ "አሁን ወጣ ብለዋል" የሚሉኝ እርሳቸው ናቸውና። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ሐሙስ ሱቅዎ ውስጥ የሆነው ነገር ነው። እርስዎ ስላልነበሩ እንደሆነው ልንገርዎት።

የሪፍ ጨው፣ ማለት ሪፍ ለሚባለው የኮራል ገንዳ የሚሆን ጨው፣ ብላችሁ ከላካችሁልኝ ጥቂት በፌስታል ቋጥሬ መጣሁ። ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ ስልኩን እየነካካ ነበር። ሰላምታ ሰጠሁት። ቀና ሳይል "አቤት ፋዘር" አለኝ። ፋዘርነቱንስ ተቀበልኩ፤ ሽበቴ አይደበቅም። "የሪፍ ጨው ብላችሁ የላካችሁልኝ ይኼ ነው፤ የሪፍ ጨው ግን አይደለም" አልኩትና ፌስታሉን ፈታሁለት። ቆንጠር አደረገ፣ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ምላሱ ላይ ጣል አደረገው። "ጨው ነው" አለ። "ጨውነቱንማ መች አጣሁት። ካልሲየምና ማግኒዚየም የለውም ነው የምልህ" አልኩት። ይህን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዓሣ ሊገዙ በመጡ ባልና ሚስት ፊት፣ "ፋዘር፣ ጨው ጨው ነው! ለመሆኑ አንተ ባህር አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ። ባልየው ሳቁን ዋጥ ሲያደርገው አየሁ። ሚስትየዋ አፍራልኝ መሰለኝ ልጇን ይዛ ወደ ወርቃማ ዓሦቹ ዞረች።

አንቱታው የት እንደገባ ለጊዜው ልተወውና፣ ለጥያቄው መልስ አለኝ። አዎ፣ አይቻለሁ። ያደግሁት አሰብ ነው። በ1983 ዓ.ም. እስክንወጣ ድረስ ባህሩ ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ነበር፤ አባቴም እንጀራውን የበላው ከጨው ማምረቻው ነው። ስለዚህ ጨው ጨው ነው የሚባለው ለወጥ እንጂ ለኮራል እንዳልሆነ ለመረዳት የእናንተን ባንኮኒ አልጠበቅሁም። የባህሩ ውኃ በፀሐይ እየተነነ ከገንዳ ወደ ገንዳ ይተላለፋል። መጀመሪያ የሚዘቅጠው ኖራውና ጀሶው ነው፤ ካልሲየሙ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ነጩ ጨው ይረጋል። በመጨረሻ የሚተርፈው፣ ማግኒዚየሙን የያዘው መራራ ውኃ፣ ከጨው ጋር እንዳይደርቅ ተለቅቆ ይፈሳል። ልጆች ሆነን በዚያ ውኃ እግራችንን ነክረን በኋላ ጣታችንን ስንልስ ፊታችን ይጨማደድ ነበር። ኮራል አጥንቱን የሚሠራበትን ካልሲየምና ያንን ግንባታ የሚያግዘውን ማግኒዚየም አውጥታችሁ የቀረውን ስትሸጡልኝ፣ ከባህር የመጣ ቢሆን እንኳ ባህር አይሆንልኝም።

አንድ ሊትር የባህር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። አብዛኛው ይኸው የምንበላው ነው። በዚያው ሊትር ውስጥ ግን 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየምና 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም አለ፤ የሪፍ ጨው ውድ የሆነውም እነዚህን በልኩ ስለሚይዝ ነው። ይህን ያስተማረኝ የእናንተው በራሪ ወረቀት ነው፤ አሁንም ፍሪጄ ላይ ተለጥፏል። የእህቴ ልጅ ከውጭ ባመጣልኝ መለኪያ ውኃውን ፈተሽኩት። ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ፈሳሹ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ መጠበቅ ነው። ካልሲየሙ ደህና ከሆነ ብዙ ያስጠብቃል። የእኔው ገና ከመጀመሬ ሰማያዊ ሆነ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከሮቶ የቀዳሁትን ተራ የቧንቧ ውኃ ብሞክር ያው ሆነ። በአጭሩ፣ በጨዋችሁ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከመንግሥት ውኃ የመጣው ብቻ ነው።

ቴክኒሻናችሁ ይህን ስነግረው ከኪሱ ያቺን ትንሽ መነጽር መሰል መለኪያ አውጥቶ አንድ ጠብታ አንጠባጠበባት፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ "ይኸው ጋሼ፣ 35 ላይ ነው፣ ፐርፌክት ነው" አለኝ። መለኪያዋ የምታየው ብርሃኑ ምን ያህል እንደተሰበረ ነው። ምን ጨው እንደሟሟ አትጠይቅም። ሽሮ ውስጥ የሚገባውን ጨው በልኩ ብታሟሙትም 35 ትላለች።

አሁን ደግሞ ወደ ከረጢቱ። ከረጢቱ ላይ ምንም ጽሑፍ አልነበረም። "ኦሪጅናሉ ከዱባይ በጅምላ ስለሚመጣ ነው" ተባልኩ፤ አመንኩ። ባዶውን ላጥፈው ስል ግን ስፌቱ ወደ ውጭ መሆኑን አየሁ። ከረጢቱ ተገልብጧል። በረንዳ ላይ ወጥቼ ወደ ፀሐይ ባነሳው፣ ሰማያዊ ፊደላት ከውስጥ በኩል ወደ ኋላ ተገልብጠው ይታያሉ። ከቀኝ ወደ ግራ ብታነቡት "አዮዲን ያለው የምግብ ጨው" ይላል። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በስህተት የተላከ ከረጢት በራሱ አይገለበጥም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አራግፎ፣ ገልብጦ፣ መልሶ ሞልቶ ሰፍቶታል። ሂሳቡን ግን የከፈልኩት በዱባዩ ዋጋ ነው።

ይህን ሁሉ ለእርስዎ በስልክ ነግሬዎታለሁ። ያሉኝንም አስታውሳለሁ፦ "ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ፤ እስከ ቅዳሜ ትክክለኛው ይገባል፣ እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፣ እስከዚያ አንድም ነገር ወደ እርስዎ አይላክም።" ቅዳሜ ሲሆን እርስዎ ቀርተው ቴክኒሻኑ ደወለ፤ "ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ደርሻለሁ፣ አሥር ደቂቃ" አለ። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ሆነ። ከቱሉ ዲምቱ ኮዬ ድረስ የሚያጠፋ ጫካ አለ እንዴ? ምሳ አስቀምጠንለት ነበር።

ጨው ሳይመጣ ማክሰኞ ማታ ሁለቱ ዓሦች፣ ክላውንፊሽ የሚባሉት፣ መጡ። ትክክለኛው ጨው እስኪገባ አንድም ነገር አይላክም ካሉኝ በኋላ ማለት ነው። እኔ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ሞተረኛው አልደወለም፤ ጥቁር ፌስታሉን ለግቢው ጥበቃ ሰጥቶ፣ ምን እንደሆነ ሳይነግረው፣ ሄደ። ጥበቃው ምን ያድርግ፣ በሩ ጎን ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ አደረ። የታኅሣሥ ሌሊት እኛ አካባቢ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እነዚህ ዓሦች ደግሞ የሚኖሩት 25 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውኃ ውስጥ ነው። ጠዋት ፌስታሉን ስፈታ አንደኛው ክላውንፊሽ ጎኑን ሰጥቶ ተንሳፍፏል። ሁለተኛው ስንጥቡን እያርገበገበ እስከ እኩለ ቀን ቆየ። ኮራሉ በድንጋዩ ላይ ተኮማትሮ እንደ ንፍጥ ያለ ነገር ተፍቷል። የሞተረኛውንም ሂሳብ አስከፍላችሁኛል።

ሌሎቹን ነገሮች ለመተው አስቤ ነበር፤ ካነሳሁ አይቀር ግን ላንሳቸው። "ሕያው ድንጋይ" ያላችሁት ድንጋይ እንደ ኖራ የደረቀ ነው። ሕያው የሚባለው በላዩ ያሉት ባክቴሪያዎች የዓሣውን ቆሻሻ ዓሣን ከሚመርዘው አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከናይትራይት ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ስለሚለውጡ ነው። በደረቅ ድንጋይ ሲጀመር ይህ ሥራ እስኪደራጅ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ቴክኒሻናችሁ ግን "ሦስት ቀን በቂ ነው" አለኝ። ዓሦቹ ያንን ሌሊት ቢያልፉም እዚያ ገንዳ ውስጥ ምን ይጠብቃቸው እንደነበር መገመት አያቅትም።

መብራትም አለ። ኮዬ መብራት ይጠፋል፤ ይህን ከእናንተ አልደበቅሁም፣ ገና ስንዋዋል በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ጠይቄያለሁ። "ለሁለት ክላውንፊሽ ምን ያደርጋል" ተባልኩ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። እዚህ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውኃውም በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ውኃው ሲሞቅና ጨው ሲገባበት ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። ፓምፑ በቆመ ጊዜ አሰብ ላይ የሚታገሠው ዓሣ ኮዬ ላይ አይታገሥም። የጨው ውኃ አኳሪየም በደጋ የሚሸጥ ድርጅት ይህን ለገዢው ነጋሪ እንጂ ተነጋሪ አይሆንም።

መድኃኒቱንም ልብ ይበሉ። "ዓሣው ከተጨነቀ ሁለት ጠብታ" ብላችሁ የሰጣችሁኝ ሰማያዊ ጠርሙስ ከጀርባው ሲነበብ የመዳብ ውህድ ነው። መዳብ ኮራልን፣ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይገድላል፤ ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ ገብቶም ለረጅም ጊዜ አይለቅም። ጠርሙሱ እንደታሸገ እኔ ዘንድ አለ። ይህን ለሪፍ የሚሰጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ግድ የለውም፤ የትኛው እንደሆነ ለእርስዎ እተወዋለሁ። ደረሰኙ ላይ ደግሞ የተጻፈው "የዓሣ ዕቃ" ብቻ ነው። ጨው የሚል ቃል የለም። ያን ጊዜ ቸልተኝነት መስሎኝ ነበር።

ደብዳቤውን ስጀምር የምጠይቀው ጨው እንዲቀየርልኝ ብቻ ነበር። አሁን አይበቃኝም። የጨውን፣ የሁለቱን ዓሦች፣ የኮራሉን፣ የመጓጓዣውንና የገጠማውን ገንዘብ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ሕያው ያልሆነው ድንጋይ ላይም በሕያውና በደረቅ ድንጋይ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ይመለስልኝ። ገንዳው ውስጥ ያለውን ውኃ ባለሙያ ልካችሁ አውጡ፣ አሸዋውንና ድንጋዩን እጠቡ፣ ከዚያ በኋላ በታሸገና የአምራቹ ጽሑፍ በሚነበብ የሪፍ ጨው ሙሉ፤ ባክቴሪያው እስኪደራጅ ድረስም አንድም ዓሣ አልቀበልም።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ይቅርታ እፈልጋለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማመናጨቅም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ልጁ ከሥራ ይባረር አላልኩም፣ የሰው እንጀራ አልነካም። ነገር ግን ያንን ያለው በሰው ፊት ነውና ይቅርታውንም በሰው ፊት፣ እዚያው ባንኮኒ ላይ፣ "አንቱ" ብሎ ይጠይቀኝ። እርስዎም ይኑሩ።

ምላሹን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ "መንገድ ላይ ነን" መባልን ከእንግዲህ እንደ መልስ አልቆጥረውም። እስከ መጪው ዓርብ ካልመለሳችሁልኝ ከረጢቱን፣ ጠርሙሱን፣ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ባለሙያ የምትልኩ ከሆነ አስቀድሞ ይደውል፤ ሕንጻው ሊፍት የለውም፣ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ መቶ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ስለሚወርድ ባልዲና ረዳት ይዞ ይምጣ። ዕቃውን ለጥበቃ እንዳይሰጥ።

ከሰላምታ ጋር

የኮዬ ፈጬው ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ሱቁ ለሚገኝበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት (ለጊዜው አልተላከም)