ከአልጋህ ራስጌ ያሉት ጠርሙሶች

ልጄ፣

እንኳን 30ኛ ዓመትህን አከበርክ። በስልክ ብዬህ ልተወው ነበር። ግን እህትህ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከአልጋህ ራስጌ የቫይታሚን ኢ እና የሌላም ሌላም ቫይታሚን ጠርሙስ ደርድረሃል አሉ። «እንዳላረጅ ነው» አልካት። ገና በ30 ዓመትህ!

አልቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እቆጣለሁ። ለሐኪም ሳትናገር እንዳትውጥ።

ቫይታሚን ኢ ክፉ ነው አላልኩም። የሕዋሳችን ሽፋን ስብ አለበት። ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት ሲቀይር የሚወጡት ፍሪ ራዲካሎች (ያልተረጋጉ፣ ያገኙትን የሚያበላሹ ጥቃቅን ሞለኪውሎች) ያንን ስብ ያጠቁታል፤ አንዱ ሲበላሽ ጎረቤቱንም ያበላሻል። ቫይታሚን ኢ መሃል ገብቶ ይገላግላል። እሱ ሲደክም ደግሞ ቫይታሚን ሲ ያነሳዋል። ግን ለአዋቂ በቀን 15 ሚሊግራም ይበቃል። ከሱፍ፣ ከለውዝ፣ ከአትክልት ዘይት ታገኘዋለህ። ብላ!

ደግሞ ጂም ትለፋለህ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ስፖርት እየሠሩ ቫይታሚን ሲና ኢ በብዛት የዋጡት ወጣቶች፣ ስፖርቱ ለኢንሱሊን፣ የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ የሚሰጠውን ጥቅም አላገኙም። ከላብ ጋር የሚመጣው ፍሪ ራዲካል ለሰውነት መልእክት ነው። አንተ መልእክተኛውን በር ላይ ትመልሰዋለህ።

የምረቃህ ቀን «አባትህን ጉንፋን ይዞት ነው» ተብለሃል። ጉንፋን አልነበረም። የደም ማቅጠኛ እንደምወስድ ታውቃለህ። ቫይታሚን ኢ መሳቢያ ውስጥ መደበቄን ግን አታውቅም። አንድ ወዳጄ «ለልብ ነው» ብሎኝ በቀን ሁለት ሦስት ስውጥ ከረምኩ። ሲበዛ እሱም ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ያን ጠዋት ክራባቴን ሳስር አፍንጫዬ ደማ። እናትህ ፎጣ ብትቀያይር፣ ብትቀያይር አልቆም አለ። ሐኪሙ «ሌላ የምትወስደው አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩ። አፍሬ ነው። እናትህ ናት ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው። ስምህ ሲጠራ እኔ አቀርቅሬ አፍንጫዬን ይዤ ነበር።

ስለዚህ ለሐኪም ሳትናገር እንዳትውጥ። አሁን ተነስና የጠርሙሶቹን ጀርባ ፎቶ አንሳ፤ ውሰድና አሳየው። ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው) የሚል ካለ ደግሞ... ሲጋራውን ትተሃል ብዬ ልመን? ፊንላንድ ውስጥ ለአጫሾች ሰጥተው የሳንባ ካንሰር ነው የጨመረባቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። እሱን ዛሬውኑ ተው።

እህትህን እንዳትቆጣት፤ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። ነጩ ሸሚዝ እስካሁን አለ። ደሙ አለቀቀም፣ እናትህ ግን አልጥልም ብላለች።

አባትህ