ዳኜ፣ የጉድጓድ ውሃ ላክልኝ

ውድ ወንድሜ ዳኜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ምክንያት ብደረድርም ስለማታምነኝ አልደረድርም። የቀረውን ቁጣህን ስንገናኝ ትወጣብኛለህ። አሁን አንድ ነገር ጨንቆኛል፤ ካንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ ደስ የሚልህን ልንገርህ። አራት ኪሎ እያለን «ብረት የሌለበት ኬሚስትሪ አይጥምም» እያልክ ትነተርከኝ አልነበር? እኔ ቅጠል እየዘፈዘፍኩ ንጥረ ነገር ሳወጣ፣ አንተን የኮባልት ቀለም ፍቅር አስይዞህ ነበር። እንግዲህ ደስ ይበልህ፤ ዛሬ የምሠራው ነገር ግማሹ ያንተ ነው። ዶክትሬቴን በኦርጋኒክ ጨርሼ ኦስሎ ስመጣ የገባሁት ማቴሪያል ኬሚስትሪ ውስጥ ነው። የምሠራውን ነገር ሞፍ ይሉታል። የብረት አተሞች ምሰሶ ይሆናሉ፤ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ማገር ሆነው ያያይዟቸዋል። መሃሉ ባዶ ነው። ቁም ነገሩም ያለው እዚያ ባዶ ውስጥ ነው። የጥቂት ግራም ሞፍ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ የኳስ ሜዳ ያህላል።

የ2025ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል መቼም ሰምተሃል፤ ኪታጋዋ፣ ሮብሰንና ያጊ የተሸለሙት በዚሁ ነው። ያጊ አማን ውስጥ ከፍልስጤም ስደተኞች ተወለደ። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ላይብረሪ የሞለኪውል ሥዕል አየና በዚያው ቀረ። ሮብሰንን ግን አንተ ትወደዋለህ። ሐሳቡ የመጣለት ለተማሪዎቹ የሞለኪውል ሞዴል ለማዘጋጀት የእንጨት ኳሶች ሲያስበሳ ነው። ለክፍልህ ልጆች ንገራቸው።

ወደ ጭንቀቴ ልግባ። የያዝኩት ዚርኮኒየም ከሚባለው ብረት የሚሠራውን ሞፍ ነው፤ እዚሁ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በ2008 ይፋ የሆነውን፣ ዩአይኦ-66 የሚባለውን። ማገሩ ቴሬፍታሊክ አሲድ ነው። ሃይላንድ ራሱ ከምን የሚሠራ ይመስልሃል? ከዚሁ አሲድ! ፕላስቲኩን ቆራርጠህ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ስታፈላው ይፈርሳል፤ አጣርተህ አሲድ ስትጨምርበት ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። በዝዋይ መንገድ ዳር ስንት ሃይላንድ ወድቆ እንደሚውል አስበው። ዚርኮኒየም ደግሞ የእናንተን ውሃ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ ካገኘ አጥብቆ ይይዛል። ነገሩ ገባህ አይደል?

እህትህ ሰብለ ስትስቅ አፏን በነጠላ የምትሸፍነው ከዓይኔ አይጠፋም። ጥርሷን ያበላሸው በልጅነቷ፣ ገና ሲሠራ የጠጣችው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ 10ን የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። በጥርስ ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ሲቆይ አጥንት ይገባል፤ ወንጂ ላይ የታየውን ታውቀዋለህ።

ፍሎራይድ በጨመርኩበት የተጣራ ውሃ ሞፉን ስሞክረው ፍሎራይዱን ጥርግ አድርጎ ያወጣዋል። የእናንተ ውሃ ግን ባይካርቦኔቱ ብዙ፣ ፒኤቹም ከፍ ያለ ነው። ባይካርቦኔቱ ፍሎራይዱን ቦታ ይሻማዋል። እሱስ ይሁን። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ ፍሎራይዱ ዚርኮኒየሙ ላይ ሲቀመጥ ማገሩን ገፍቶ ቢያስወጣውስ? የሚወጣው እኮ ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ነው። አንዱን ጉዳት አውጥቼ ሌላ ነገር ልጨምር? ለጆርናል የሚበቃ ውጤት አለኝ፤ አብረውኝ የሚሠሩትም አሳትም ይሉኛል። እኔ ግን ይህን ውሃ ለሰብለ እሰጣታለሁ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ አዎ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ፍሎራይድ የሚያጣራ የከሰለ አጥንት እያለ ይሄ ሁሉ ለምን ትል ይሆናል። አጥንቱ ይሠራል፣ ርካሽም ነው። ግን «የምን እንስሳ አጥንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ካንተ በላይ ማን ሰምቶታል? በጾም ሲሆንማ አስበው።

ስለዚህ የእውነተኛ ጉድጓድ ውሃ እፈልጋለሁ። እዚህ ራሴ ጨው በጥብጬ የምሠራው ውሃ እውነቱን አይነግረኝም። ጠርሙስ ውስጥ እንዳታደርገው፤ ፍሎራይድ ከመስታወት ጋር አይስማማም። ንጹሕ ፕላስቲክ ይሁን። በዚያው ውሃ ደጋግመህ አለቅልቀው፣ አየር እንዳይቀር እስከ አፉ ሙላው፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፍበት። ከተለያዩ ጉድጓዶች ቢሆን ደግሞ እሰየው። አዲስ አበባ ለታናሽ ወንድሜ አድርስልኝ፤ ወደዚህ የሚመጣ ሰው እሱ ይፈልጋል።

ሌላም ልነግርህ የፈለግኩት... ኮንትራቴ እያለቀ ነው። እዚሁ ልቀጥል ወይስ ይዤው ወደ አገር ልግባ እያልኩ ነው። ይሄን በደብዳቤ አልችለውም፣ በስልክ ይሁን።

ለእናትህ ጉልበታቸውን ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለሰብለ ግን ገና ምንም እንዳትነግራት፤ የእናንተን ውሃ ሳልሞክር ተስፋ ልሰጣት አልፈልግም። እሁድ ማታ እደውላለሁ። ቁጥርህ ከተቀየረ አዲሱን ላክልኝ።

ያንተው ብሩክ