የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሞገድ ፍለጋ በየካ አባዶ

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የተጀመረው ባልተሟላ ዜና ነው። በጥቅምት ወር ተራ የደረሳት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ሁለት ዜና አነበበች፤ ሦስተኛውን ግን ከመሃሉ አቋረጠችው። ማታ ከራዲዮ እየሰማች ስትጽፍ ድምፁ በመንሿሿት ተውጦባት ነበር። የጎደለውን በግምት መሙላት ስትችል የሰማችውን ብቻ ማንበቧን በጣም ወደድኩላት። “እኛ ቤት ራዲዮ የሚሰማው መስኮቱ ጋ ብቻ ነው” አለችኝ። ይህን ጊዜ ሌሎቹም የየቤታቸውን ያወሩ ጀመር፤ አንዱ በረንዳ ላይ፣ ሌላዋ ቁም ሣጥን ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩን። የዓመቱ ዕቅዳችን በዚያው ዕለት ተለወጠ።

ራዲዮ የት ጠርቶ እንደሚሰማ የሚያሳይ ካርታ ለመሥራት ወሰንን። አባላቱ ሁለት ሁለት ሆነው በእጅ የሚያዝ ራዲዮ ይዘው የትምህርት ቤቱን ግቢና በዙሪያው ያሉትን የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ዞሩ። በየቦታው በኤፍኤም ጣቢያዎቹ 97.1፣ 98.1 እና 102.1 ላይ እያቆሙ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ። አምስት ማለት የተናጋሪው ትንፋሽ ሳይቀር ይለያል፤ አንድ ማለት የሚሰማው መንሿሿት ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች በነጥቡ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው እንዲጠሩ ደንብ አወጣን። ይህ ደንብ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ጆሮም አሠልጥኗል።

ከሁሉ ያስደነቀን ሩቅ ሄደን ያገኘነው ነገር አይደለም። በአንድ የ9ኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ራዲዮው መስኮት አጠገብ ባለው ዴስክ ላይ 5 ያገኘ ጣቢያ፣ ወደ ግድግዳው አንድ ዴስክ ሲጠጋ ወደ 2 ወረደ። ልጆቹ ባትሪው የደከመ መስሏቸው ቀየሩት። ያው ነው። ራዲዮውን ወደ መጀመሪያው ዴስክ ሲመልሱት ድምፁ እንደገና ጠራ። ፊዚክስ ሳስተምር ስለ ሞገድ መደራረብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥያለሁ! እንዲህ አፋቸውን ከፍተው አዳምጠውኝ ግን አያውቁም። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። በቀጥታ የመጣውና ከፊት ለፊቱ የኮንክሪት ሕንፃ ነጥሮ የመጣው ሲገናኙ፣ አንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፤ ትንሽ እልፍ ሲባል ይጠፋፋሉ። የኤፍኤም ማሰራጫ ከቆመበት ከፉሪ ተራራ የሚነሣ ሞገድ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከተማውን ከደቡብ ምዕራብ እስከ ሰሜን ምሥራቅ ማቋረጥ አለበት፤ በመንገዱም ኮረብታና ፎቅ ይጠብቁታል።

በታኅሣሥ አንቴና ሠራን። ለ98.1 ሜጋኸርዝ ሩቡ የሞገድ ርዝመት 76 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው ያን ያህል የሚረዝሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ቆርጠን ከተረፈ የዲሽ ኬብል ጋር አያያዝን። የመጀመሪያው የተተከለው በትምህርት ቤታችን ጥበቃ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ጥበቃው አባባ ዜና ለመስማት ራዲዮአቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው በር ላይ ይቆሙ ነበር። አሁን ተቀምጠው ይሰማሉ። “ልጆቼ፣ ሰውዬው እዚሁ ቤት የገባ መሰለኝ” ብለው መርቀዋቸዋል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪያችን፣ ከፍላሽ የማይበልጥ የኮምፒውተር ራዲዮ መቀበያ ይዞልን መጣ። በስክሪኑ ላይ የአንድ ስቴሪዮ ጣቢያን ምልክት ዘርግተን ስናይ፣ ከድምፁ ከፍ ብሎ በ19 ኪሎኸርዝ ላይ እንደ መርፌ የቆመች መስመር አገኘን። ስርጭቱ ስቴሪዮ መሆኑን ለመቀበያው የምትነግረው ይህች ናት። በአንድ ሞገድ ላይ ከአንድ ነገር በላይ መጫን እንደሚቻል ልጆቹ በዓይናቸው ካዩ ወዲያ ጥያቄው ቀላል ሆነ፤ ታዲያ ለምን ሁለት ሦስት ጣቢያ አይጫንም?

ይጫናል። አሜሪካ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ኤችዲ ራዲዮ፣ ከነባሩ የኤፍኤም ምልክት ግራና ቀኝ ዲጂታል ምልክት እየጨመረ ኤችዲ2፣ ኤችዲ3 የሚባሉ ንዑስ ጣቢያዎችን ያስተላልፋል። የሚካፈሉት የመረጃ መጠን ግን የተወሰነ ነው። አንዷ አባላችን “በአንድ ቡሃቃ ሊጥ ብዙ እንጀራ ላውጣ ካሉ ይሳሳል” ብላ ከእኔ የተሻለ አስረዳችው። ለእኛ የከነከነን ሌላው ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ላይ የዲጂታሉ ኃይል ከአናሎጉ፣ ማለትም ከነባሩ የኤፍኤም ምልክት፣ 1 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. እስከ 10 በመቶ እንዲጨምር ተፈቀደ። ዲጂታሉ ሲዳከም ዋናው ጣቢያ ወደ አናሎጉ ይመለሳል፤ ንዑስ ጣቢያው ግን መመለሻ ስለሌለው ዝም ይላል። በከተማ ዳር ያለ አድማጭ መንሿሿቱን ታግሦ እንኳ ሊሰማው አይችልም።

ይህን ጠባይ ሰፈራችን ከሳተላይት ቴሌቪዥን ያውቀዋል። በግንቦት አንድ ከባድ ዝናብ ሲወርድ በመምህራን ማረፊያ ያለው ቴሌቪዥን ምስሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ተቆራረጠ፤ ከዚያም ጠፋ። ልጆቹ ወዲያው በራዲዮ ኤፍኤም ከፈቱ፤ ዝናቡ ምንም አላደረገውም። ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ ሲቀይሩ ደግሞ ሪሲቨሩ እንደገና ካልፈለገ አያገኛቸውም። በጎረቤት ያሉ አንዲት እማማ የሚወዱት ጣቢያ የተዘጋ መስሏቸው ሳምንታት አልፈው ነበር። ሁለት አባላት ሄደው አዲሱን ፍሪኩዌንሲ ሞሉላቸው፤ ቡና ተፈልቶላቸው ተመለሱ።

እኔ ዲጂታል ራዲዮ እንዲመጣልን የምመኝ ሰው ነኝ። ግን መለኪያው ከዳር መጀመር አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም ያወጣችው ኖርዌይ እንኳ፣ የሕዝብ ራዲዮዋ በዲጂታል የሚያዳርሰው ሕዝብ ቀድሞ በኤፍኤም ከሚያዳርሰው እንዳያንስ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ነበር።

ካርታችን በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አረንጓዴው 5 እና 4፣ ቢጫው 3፣ ቀዩ ከዚያ በታች ነው። ከአዲሱ ሕንፃ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ገና ነጭ ነው፤ በሰኔ ጭቃው አላስገባንም። ዜናዋን ያቋረጠችው ተማሪ ለመስከረም ያንን ክፍል በስሟ አስመዝግባለች፤ ራዲዮውና ሁለት አዲስ ባትሪ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጠውላታል።