«ግፊቱን ከፍ አድርጉልን» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጥቷል። የጀልባ ሆድ የምትፍቁበት፣ ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ እምቦጭና መረብ የምትፈቱበት ጊዜ ነው። ሰሞኑን ወደ እኛ ከሚመጡት፣ ውሃ ውስጥ ላለ ጠላቂ በቱቦ አየር ከሚልኩት የመጥለቂያ ኮምፕሬሰሮች ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፦ «ታች አየር ያጥረኛል፣ ግፊቱን ከፍ አድርጉልኝ።» እኛ ደግሞ ወዲያው ካቻቢቴ አናነሳም። ምክንያታችንን በዚህ ደብዳቤ እናስረዳችሁ።

ጌጁ የሚያሳያችሁ ግፊትን ነው። ጠላቂውን የሚያኖረው ግን በደቂቃ የሚደርሰው የአየር መጠን ነው። የግፊት ማስተካከያውን ብታጠብቁት ቀስቱ ከፍ ይላል፤ አየሩ ግን አይጨምርም። እንዲያውም ፓምፑ ይበልጥ ይግላል፣ የሚሰጠውም ይቀንሳል። ግፊት ሲበዛ አየር የሚያስወጣውን ሴፍቲ ቫልቭ አጥብቁልን ብትሉንማ በምንም ዋጋ አንነካውም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው የቤንዚን ሞተርም 20 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር የወረደ ሰው፣ ላይ ሆኖ ከሚተነፍሰው 2 እጥፍ አየር ይፈልጋል። ጣና ላይ ግን 2.2 እጥፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ «ለሁለት ሰው» ተብሎ የተጻፈውን እዚህ እንዳለ አትመኑት።

ራሳችሁ ለኩት። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ ሐይቁ ዳር ውሃው ውስጥ ገልብጡት፤ አፉ ከውሃው በታች ይሁን። ማሽኑ በሥራ ግፊቱ ላይ ሆኖ፣ ጌጁ ሳይወርድ፣ የቱቦውን ጫፍ ከሥሩ አስገቡና ሰዓት ያዙ። ባልዲው አየር ሲሞላ በኃይል ወደ ላይ ስለሚገፋ ሁለት ሰው ይያዘው። በ12 ሰከንድ ከሞላ ማሽናችሁ በደቂቃ 100 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ይህ 10 ሜትር ላይ 45 ሊትር ያህል ይሆናል። የጀልባ ሆድ የሚፍቅ ሰው ብቻውን 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊተነፍስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ይውረድ።

ልኬቱ በቂ ሆኖ አሁንም የሚከብዳችሁ ከሆነ የአፍ መተንፈሻውን እንፈትሻለን። ከጀርባ ለሚታዘል የአየር ሲሊንደር የተሠራው ወደ 10 ባር ግድም ይጠብቃል፤ የእናንተ ማሽን የሚልከው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ውስጡ ያለውን ስፕሪንግና ማንሻ ለዝቅተኛ ግፊት ስናስተካክለው አተነፋፈሱ ይቀላል።

ከአየሩ መጠን ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳን ግን ጥራቱ ነው። ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ሞተሩ ቤንዚን እያበዛ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) በዚህ ከፍታ እንደዚያ ያደርጋል። ቤንዚን ሲበዛ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። ይህ ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ኦክስጅንን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። ላይ ሆኖ ራስ ምታት ብቻ የሚሆን መጠን ታች ራስን ሊያስት ይችላል። እኛ ካርቡራቶሩን ለከፍታው እናስተካክላለን። የኮምፕሬሰሩን አየር መሳቢያ ከማርሚታው ማራቅ ግን የእናንተ ሥራ ነው፦ በቱቦ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ አድርጉት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩልም ይሁን። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ ጀልባውም መልህቁ ላይ ይዞራል። ጠዋት ደህና የነበረው መሳቢያ ከሰዓት ጭስ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ላይ የሚቀረው ሰው ዓይኑ ከመሳቢያው አይነሳ። ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ያለ ጠላቂ ያን ቀን ወደ ውሃው አይመለስም።

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለጎማ ነው። እባካችሁ፣ ለአንድ ሰዓት ሥራ ብላችሁ እንኳ ሰው አታስተንፍሱበት። የሚተፋው የዘይት ጉም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በራሳችሁ ማሽንም ቢሆን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ የቱቦው ጫፍ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያዙ። ቢጫ ነጥብ ወይም የዘይት ሽታ ካገኛችሁበት ፊልትሮው አልቋል ወይም የፒስተኑ ፋሻ ተበልቷል። ጨርቁ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያሳይም፤ በእሱ ብቻ አትተማመኑ።

የቀረው ቶሎ የሚያልቅ ነው። በየቀኑ ማታ ከአየር ማጠራቀሚያው ሥር ውሃውን አፍስሱ። ቱቦውን አጥባችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ፊት በሚሸፍን ጭንብል የምትጠልቁ ደግሞ ቱቦውን ከኮምፕሬሰሩ ነቅላችሁ በዚያው ጫፍ በአፍ ሳቡ። አየር ከመጣ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ አይዝም፤ ላይ ቱቦ ቢበጠስ ጭንብሉ ፊትን በኃይል ይስባል። እስኪቀየር ድረስ አትውረዱ።

በየጥልቀቱ ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየውን የመጥለቂያ ሰንጠረዥ የምትጠቀሙ፣ ጣና ላይ 10 ሜትርን ወደ 12 ሜትር እንደሆነ ቁጠሩት። ስትወጡም ትንፋሽ አትያዙ፤ ከሁለት ሜትር ጥልቀትም ቢሆን ሳንባ ሊቀደድ ይችላል።

ለጥገና ስትመጡ ኮምፕሬሰሩን ብቻ አታምጡ። ቱቦውም፣ የአፍ መተንፈሻውም አብረው ይምጡ። እንደምትጠልቁበት አገጣጥመን እንለካዋለን፤ በደቂቃ የሚሰጠውንም ሊትር ማሽኑ ላይ በቀለም እንጽፍላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፕሬሰር ጥገና ሠራተኞች፣ ባሕር ዳር